ከመርከብ ወርዶ ሮምን በዊልቸር፦ አባዬን አበበ ቢቂላ የጨረሰበት ቦታ እንዴት ላድርሰው?

የአባቷ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) · ሰኔ 9
ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መስከረም ላይ አባዬን ይዤ በሜዲትራኒያን ባሕር የ7 ቀን የመርከብ ጉዞ እንሄዳለን። አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ደክሟል። ቤት ውስጥ ከዘራውን ይዞ ጥቂት ይራመዳል። ከቤት ከወጣን ግን ዊልቸር ላይ ነው። ዊልቸሩ የሚታጠፍ፣ በእጅ የሚገፋ ነው። የምገፋውም እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው አብሮን የለም።

መርከቧ ለሮም የምትቆመው ቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ትገባለች፣ ምሽት 1 ሰዓት ትነሳለች። ቲኬቱን የቆረጠልን ሰው "ሮም ለዊልቸር አትሆንም፤ የዚያን ቀን መርከቡ ላይ ብትቆዩ ይሻላል" አለኝ። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሰማ ነበር። ምንም አልተናገረም። ማታ ላይ ግን "እኔ ከዚህ ሁሉ ጉዞ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አበበ የጨረሰበትን ቦታ አሳዪኝ" አለኝ።

አባዬ አበበ ቢቂላን ሁለት ጊዜ አይቶታል። አንዴ በ9 ዓመቱ፣ አበበ ከሮም ድል አድርጎ ሲመለስ፣ አያቴ ትከሻ ላይ ሆኖ። ሁለተኛው ስታዲየም በር ላይ ነው፣ አበበ ዊልቸር ላይ ሆኖ። ስለ ሁለተኛው ብዙ አያወራም።

እና ይቻላል ወይ? ከቻላችሁ ስለ መንገዱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መጸዳጃውም ሳይቀር ንገሩኝ።

መርከብ_ወዳዱ (አትላንታ) · ሰኔ 9
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። "የሮም ወደብ" ይሉታል እንጂ ቺቪታቬኪያ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብዙ ሰው ከመርከብ ሲወርድ ኮሎሲየም ፊት ለፊቱ የሚያገኝ ይመስለዋል። በመኪናም በባቡርም መንገዱ ብቻ ደርሶ መልስ ወደ ሦስት ሰዓት ይበላል።

እኔ ብሆን መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀውን ጉብኝት እይዝ ነበር። ምክንያቱም አንድ ነው፤ የእነሱ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራስሽ ሄደሽ ከዘገየሽ ግን ጥሎሽ ይሄዳል። ዊልቸር ማንሻ ያለው አውቶቡስ እንዳላቸው አሁኑኑ ጠይቂ። ካላቸውም ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ለነገሩ የማራቶኑ መጨረሻ የኦሎምፒክ ስታዲየሙ አይደለም እንዴ? እሱ ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ ነው።

ጋሽ_ሯጩ (ስቶክሆልም) · ሰኔ 10
አይደለም ልጄ፣ ይህ ስህተት ብዙ ሰው ላይ አለ። የሮም ማራቶን ከስታዲየም አልተነሳም፣ ስታዲየምም አልጨረሰም። የተነሳው ካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ነው። ያለቀው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፣ ኮሎሲየም አጠገብ። አባትሽ ሃይማኖተኛ ከሆኑ ይህ ቆስጠንጢኖስ የንግሥት እሌኒ ልጅ መሆኑን ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ቀኑን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አስቢው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሩጫው የተጀመረው አመሻሽ ላይ ስለነበር ያለቀው በጨለማ ነው። አፒያ በሚባለው ጥንታዊ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ።

አሁን ለአንቺ የሚጠቅመውን ልንገርሽ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን ዞረው ሲያዩ፣ መጨረሻው አካባቢ አንድ የሚያውቁት ነገር አገኙ። የአክሱም ሐውልት! ያኔ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ጣልያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ወስደውት ነው። አበበ ራዲን ጥሎ የተፈተለከው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ አደባባይ እስከ ቅስቱ ያለው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የሚባል አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ከ600 ሜትር አይበልጥም። አባትሽን ሮምን ሁሉ አታዙሪያቸው። ይህን መንገድ ብቻ አሳዪያቸው።

ባዳንቴዋ (ሮም) · ሰኔ 10
የጋሼን ቃል እኔም እደግማለሁ። ሮም ውስጥ ሽማግሌዎችን እየተንከባከብኩ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዊልቸር ስገፋ ነው የምውለው። ያ ሰውዬ "አትሆንም" ያለሽ ከተማዋን በእግሩ አይቶ ይሆናል እንጂ በጎማ አላያትም።

ጣጣው ድንጋዩ ነው። እዚህ "ሳምፒየትሪኒ" የሚሉት ጥቁር ኮብልስቶን አለ። የአዲስ አበባን ኮብልስቶን አስቢ፣ ግን ስንትና ስንት ዓመት መኪና የሄደበት፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። የፊት ጎማው ትንሽ ከሆነ ክፍተቱ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ሰውየው ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ጥያቄሽ "ሮም ለዊልቸር ትሆናለች ወይ" አይሁን። "የትኛው መንገድ ምን ተነጥፎበታል" ነው የሚባለው።

ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ብዙም ዳገት የለውም። ድንጋዩ የሚጀምርሽ ቅስቱ ጋ ስትደርሺ ነው። እዚያ ቀስ ማለት ነው። የአበበ መታሰቢያ ጽላትም በዚሁ መንገድ ግድግዳ ላይ አለ፣ ለድሉ 50ኛ ዓመት የተሰቀለ። ትንሽ ስለሆነ ሰው ሳያየው ያልፋል። ግድግዳውን እያያችሁ ሂዱ።

መጸዳጃ ላልሽው፦ ባቡር ጣቢያ ላይ አስቀድማችሁ ተጠቀሙ። ሌላው አስተማማኝ ቦታ ኮሎሲየም ውስጥ ነው። አካል ጉዳተኛና አንድ ረዳቱ በነጻ ይገባሉ፣ አሳንሰርም አለው። የጉዳቱን ማስረጃ ግን ያዙ።

ጎማና_መንገድ (ሚኒያፖሊስ) · ሰኔ 11
እኔ ራሴ 21 ዓመት በዊልቸር የምኖር ሰው ነኝ። 11 ጊዜ በመርከብ ሄጃለሁ። ጥቂት ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ እህቴ፣ ይህን ሁሉ የጠየቅሽው እኛን ነው። አባትሽን ጠይቀሻቸዋል? ምን ያህል መቀመጥ ይችላሉ? መገፋት ይወዳሉ ወይስ ራሳቸው መግፋት? እኔን ሰው ሳይጠይቀኝ ከኋላ ይዞ ሲነዳኝ እንደ ዕቃ የተጫንኩ ይመስለኛል።

ስትሮክ የመታው ሰው በደህናው እጅና በደህናው እግር ዊልቸሩን ራሱ መንዳት ይችላል። እጁ ጎማውን ያዞራል፣ እግሩ መሬቱን እየቆነጠጠ ይስባል፣ አቅጣጫም ያስይዛል። ለዚህ ግን ተረከዙ መሬት መንካት አለበት። የተለመደው ዊልቸር መቀመጫው ከመሬት 50 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሆነ እግር አይደርስም። 44 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነ ዝቅ ያለ አለ። አንዳንዱ ዊልቸር ደግሞ የኋላ ጎማውን ቦታ ቀይረሽ ዝቅ ማድረግ ትችያለሽ። የትራሱን ውፍረትም አብረሽ ለኪ። ከዚያ የቀኙን እግር ማሳረፊያ ንቀይው። ይህን ፊዚዮቴራፒስታቸውን አማክሪና ከአሁኑ ሰፈራችሁ ውስጥ ይለማመዱ።

ለኮብልስቶኑ፦ አባትሽን ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል አድርገሽ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሺ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ሂጂ። በጣም ከከፋ ዙሪና ወደ ኋላ ጎትቻቸው። ከጠርዝ ስትወርጂም ጀርባቸውን ወደ መውረጃው አድርገሽ፣ የኋላ ጎማው ቀድሞ ይውረድ። በፊታቸው አውርደሻቸው ቢወድቁ ያንቺ ጥፋት ነው የሚሆነው።

ስለ አበበ ደግሞ እኔም አንድ ነገር አለኝ። ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ያወራል። በመጋቢት 1961 መኪናው ተገልብጦ እግሩ ከከዳው በኋላ ያለውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1962 እዚያው በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ። ኖርዌይ ሄዶ ደግሞ በውሾች የሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። እኔ ዊልቸር ላይ በተቀመጥኩ ሰሞን ይህን የነገረኝ ሰው ባይኖር ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም።

የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተካሄደውም እዚያው ሮም ነው፣ አበበ ካሸነፈ ከ8 ቀን በኋላ የጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ እንደኔ ዊልቸር ላይ የነበሩ ናቸው። "ሮም ለዊልቸር አትሆንም" ላለሽ ሰውዬ ይህን ንገሪው።

የአባቷ_ልጅ · ሰኔ 11
ጎማና_መንገድ፣ እውነት ነው፣ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጠየቅኩት። "መገፋት ሰልችቶኛል" አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነገረኝም። ነገ ወንበሩን እለካለሁ።

መርከብ_ወዳዱ፣ የመርከቡን ጉብኝት ጠየቅኩ። ማንሻ ያለው አውቶቡስ አላቸው፣ ግን ከተማዋን በመስኮት እያሳየ የሚዞር ነው። ቅስቱ ጋ አይቆምም። የግል ቫን ደግሞ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ባቡሩስ እንዴት ነው?

ባዳንቴዋ · ሰኔ 12
ባቡሩ ይሆናል፣ አስቀድመሽ ካስመዘገብሽ። የጣልያን ባቡር መሥመር "ሳላ ብሉ" የሚባል ለአካል ጉዳተኛ መንገደኞች የተቋቋመ አገልግሎት አለው፣ በነጻ ነው። ሰው ጣቢያ ላይ ይጠብቃችኋል፣ ዊልቸሩን ከነሰውየው በማንሻ ወደ ባቡሩ ያስገባል። ስትወርዱም ሌላ ሰው ይጠብቃችኋል። የሄድሽበትን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም አስመዝግቢ። ብዙ ሰው መመለሻውን ይረሳል።

መርከቡ ወደቡ ውስጥ ርቆ ነው የሚቆመው። በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ የሚባል ቦታ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው ሌላ አውቶቡስ አለ። ቴርሚኒ (የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ) ድረስ አትሂዱ፣ ትርምስ ነው። ሮማ ኦስቲየንሴ ውረዱ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከኦስቲየንሴ በታክሲ ፖርታ ካፔና ቅርብ ነው።

መርከብ_ወዳዱ · ሰኔ 12
ባቡር አድማ ቢመታስ? ጣልያን ነው እኮ። እኔ አሁንም ፈርቼላታለሁ። ብቻዋን ናት፣ የምትገፋውም አባቷን ነው፣ መርከብ ደግሞ አይለምኑትም።

ባዳንቴዋ · ሰኔ 12
አድማ ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል። ሳምንቱ ሲገባ እኔ አይቼ እነግራታለሁ። እኔም የዚያን ቀን ሥራ ካልገባሁ ኦስቲየንሴ እጠብቃቸዋለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መመለስ ከጀመሩ አንድ ባቡር ቢያመልጣቸውም ሌላ አለ።

ነርሷ (ዳላስ) · ሰኔ 13
ስለ መጸዳጃ በግልጽ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ የኛ ሰው ያፍርና ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። አባቶቻችን ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ከጠዋት ጀምሮ አፋቸውን ይዘጋሉ። መስከረም ላይ ሮም ገና ሙቅ ነው፣ ስትሮክ ላለበት ሰው ውሃ ማጣት አደጋ ነው። ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። በራሳችሁ አታቋርጡት።

ሌላው መቀመጫ ነው። ከመርከብ እስከ ሮም ከዚያ እስከ መርከብ ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ ቀላል አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ክብደታቸውን ከጎን ወደ ጎን ይቀይሩ። ማታ ጭንና መቀመጫቸውን እዪ፣ ቀልቶ ሲጫኑት ቀይነቱ የማይጠፋ ቦታ ካለ የቁስል መጀመሪያ ነው። የግራ እጃቸውንም ጠብቂ። ስሜት ከሌለው ከጎን ተንሸራትቶ ጎማ ውስጥ ይገባል፣ እኔ አይቻለሁ።

የአባቷ_ልጅ · ሐምሌ 20
ትንሽ ዜና። ወንበሩ 51 ሳ.ሜ. ነበር! የኋላ ጎማውን ቦታ ቀይረን፣ ቀጭን ትራስ አድርገን 45 አደረስነው። አባዬ አሁን ከቤታችን እስከ ጎረቤት ፖስታ ሳጥን ድረስ ራሱ ይሄዳል። መጀመሪያ ወደ ግራ ብቻ እየዞረ ያስቸግረው ነበር፣ አሁን እግሩ መሪ ሆኗል። ከኋላው ስሄድ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

የአባቷ_ልጅ · ጥቅምት 2
ተመልሰናል። ቃል እንደገባሁት ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከመርከቡ የሚያወርደው ድልድይ ካሰብኩት በላይ ቁልቁል ነበር። ሁለት የመርከቡ ሠራተኞች አባዬን ጀርባውን አዙረው ቀስ አድርገው አወረዱት። ባቡር ጣቢያው ላይ ግን አንድ መጥፎ ነገር ገጠመን። የተመዘገብንበት ሰዓት ሠራተኛው ዘንድ በአንድ ሰዓት ተሳስቶ ነበር። ባቡሩ ዓይናችን እያየ ሄደ። አባዬ "ሌላ ይመጣል" አለ፣ እኔ ግን ላለቅስ ደርሼ ነበር። የሚቀጥለው ላይ ማንሻው መጣ፣ ሰውየውም ይቅርታ ጠየቀን። አባዬን ወደ ላይ ሲያነሳው አባዬ በቀኝ እጁ የማንሻውን ብረት ይዞ፣ ልክ መድረክ ላይ እንደወጣ ሰው ዙሪያውን ያይ ነበር።

ላዲስፖሊ የሚባል ጣቢያ ስናልፍ ባዳንቴዋ ስልክ ደውላ "እዚያ ከተማ በአበበ ስም የተሰየመ የእግረኛ ድልድይ አለ" አለችን። አባዬ ባቡሩ እስኪያልፍ በመስኮት ሲፈልግ ነበር፣ አላየንም።

ባዳንቴዋ ኦስቲየንሴ ቆማ ጠበቀችን። እንጀራና ጥብስ በምሳ ዕቃ ይዛ! ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም።

ፖርታ ካፔና ላይ የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ አሁን ሁለት የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። የመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ነው። ሐውልታችን በ1997 ወደ አክሱም እንደተመለሰ፣ በ2000 እንደገና እንደቆመ አባዬ አሳምሮ ያውቃል። ግን ቦታውን ሲያይ ብዙ ቆየ። "እዚህ ጋ ነው ያፈተለከው" አለ። ከዚያ "ልቀቂኝ" አለኝ።

የቀኙን እግር ማሳረፊያ ነቀልኩለት። ጎንበስ ሲል ጫማውን ሊያወልቅ መስሎኝ ደነገጥኩ። "አጥብቀሽ እሰሪልኝ" ነው ያለኝ። አሰርኩለት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ያን መንገድ በ50 ደቂቃ ሄደው። አራት ጊዜ ቆሞ ውሃ ጠጣ (ነርሷ፣ ሰምተሻል አይደል?)። እኔና ባዳንቴዋ ከኋላ ነበርን። አንድ ቦታ ላይ የዛፍ ሥር መንገዱን ከፍ አድርጎት የፊት ጎማው ያዘው። እጄን ስዘረጋ በዓይኑ ከለከለኝ። ወደ ኋላ አለ፣ በእግሩ አዞረ፣ በሌላ በኩል አለፈ። ጽላቱን ያየው እሱ ነው፣ እኛ አልፈነው ነበር። ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው።

ቅስቱ ጋ ድንጋዩ ሲጀምር ቆመና "አሁን ግፊኝ" አለ። ጎማና_መንገድ እንዳልከኝ የፊት ጎማውን አንስቼ ገፋሁት። ቅስቱ ዙሪያው አጥር ስላለው ሥሩ አይገባም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አባዬ ስለ ሁለተኛው ቀን ነገረኝ። ስታዲየም በር ላይ ሰው አበበን ሲያይ አንገቱን ይደፋ ነበር አሉ። አባዬም ደፋ። "አበበ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ" አለኝ።

ኮሎሲየም ውስጥ የገባነው ለመጸዳጃው ነው፣ አልዋሽም። በአሳንሰር ወጥተንም አየነው። መርከቡ ጋ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበርን።

ነርሷ · ጥቅምት 2
አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ውሃውን ስላልረሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ መቀመጫቸውን አየሽው?

የአባቷ_ልጅ · ጥቅምት 2
አየሁት፣ ንጹሕ ነው። መዳፉ ላይ ግን ውሃ ቋጥሯል። ጓንት ማሰብ ነበረብኝ፣ ቀጥሎ የምትሄዱ ጓንት ያዙ።

ጋሽ_ሯጩ · ጥቅምት 3
50 ደቂቃ ብለሻል። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በ1964 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ አበበ በዊልቸር ሲገባ ሕዝቡ ተነስቶ ነው ያጨበጨበለት። ይህንንም ንገሪያቸው።

አዲስ_ተመዝጋቢ (ቴል አቪቭ) · ጥቅምት 5
ይህን ሁሉ አንብቤ ተመዘገብኩ። እናቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ዊልቸር ይዛለች። ሚያዝያ ላይ ወደ ግሪክ በመርከብ እንሄዳለን፤ ፒሬየስ (የአቴንስ ወደብ) እና ሳንቶሪኒ ደሴት። አክሮፖሊስ ዳገት ነው ይላሉ፣ እንዴት ይሆናል?

ጎማና_መንገድ · ጥቅምት 5
አክሮፖሊስ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን በኩል አዲስ አሳንሰር አለው፣ ላይ ደግሞ የሲሚንቶ መንገድ ተሠርቷል። ከመሄዳችሁ በፊት መሥራቱን አረጋግጡ፣ ንፋስ ሲበረታ ይዘጋል። ሳንቶሪኒ ላይ ግን ተጠንቀቂ። መርከቡ ባሕር ላይ ይቆምና በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዷችሁ። ማዕበል ካለ ዊልቸር አያሳፍሩም። ከወደቡ ወደ ከተማው 588 ደረጃ ነው፣ ያለበለዚያ ኬብል ካር፤ እሱም ጋ ደረጃ አለ። እናትሽ ጥቂት ደረጃ መውጣት ይችላሉ?

የአባቷ_ልጅ · ጥቅምት 6
አባዬ አጠገቤ ሆኖ ጻፊልኝ ብሎኛል። "እናትሽን ሰላም በይልኝ። ወንበራቸው ከመሬት ስንት ሳንቲሜትር ነው?"